ከቀለበት በኋላ፣ ከአዳራሽ በፊት

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ቀለበት አሰርን!» አለችኝ። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ እልልታውን አቀለጠችው፤ ጎረቤታችን ምን መጣ ብሎ መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርግ አየሁት። እጮኛዋ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ለዕረፍት በሄደችበት ጊዜ ተንበርክኮ ቀለበቱን አጠለቀላት። (ይህ መንበርከክ ከየት እንደመጣብን እንጃ። በእኛ ጊዜ ሙሽራ የሚንበረከከው የወላጅ ጉልበት ለመሳም ነበር።)

ደስታው በረድ ሲል «ታዲያ ለመቼ አሰባችሁት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አዳራሽ አግኝቻለሁ ጋሼ፤ ለቅዳሜ ጁን 26፣ 2027። ከሌሎቹ ቅዳሜዎች ዋጋው በጣም ይቀንሳል። ነገ ቀብድ ልከፍል ነው።»

«የሐበሻ ሰርግ የሚበዛበት አዳራሽ ነው?»

«አዎ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚደግሰው።»

«ታዲያ ያ ቅዳሜ ለምን ባዶ ሆነ?»

መልስ አልነበራትም። መልሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ለጊዜው ግን ቀብዱን እንዳትከፍል ለመንኳት፤ እሷም ቅር እያላት እሺ አለች።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ ስልክ ሲደርሰኝ ይህ ሦስተኛዬ ነው። እኔ የሰርግ አዘጋጅ አይደለሁም፤ ሙያዬ ምሕንድስና ነው። ይሁን እንጂ ከቀለበት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ምን ይቅደም ምን ይከተል የሚለው ጥያቄ ከሙያዬ ብዙም የራቀ ስላልሆነ፣ ለልጆቹ በየስልኩ የምደጋግመውን እዚህ አሰፍረዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ብዬ ካልጠቀስኩ ወይም የወሩን ስም በአማርኛ ካልጻፍኩ በስተቀር አቆጣጠሩ የፈረንጆቹ ነው።

በእኛ ሥራ አንድ ሕንፃ ሲታቀድ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ለመምጣት ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ዕቃ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ትልቅ ትራንስፎርመር ከታዘዘ በኋላ ለመድረስ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ቀለም ግን በመጨረሻው ሳምንት ከሱቅ ይገዛል። ቀለሙን ቀድሞ ገዝቶ ትራንስፎርመሩን የረሳ ሰው፣ አምሮ የተቀባ ጨለማ ሕንፃ ይዞ ይቀራል። በስደት የሚደገስ ሰርግም እንዲሁ ነው። አዳራሽ፣ ቬሎ፣ ኬክ፣ ዲጄ፣ የጥሪ ካርድ ሁሉም ቀለም ናቸው። የወላጅ ቪዛ፣ የጋብቻ ወረቀትና የቤተ ክርስቲያን አጽዋማት ደግሞ በገንዘብም በልመናም የማይፈጥኑ ትራንስፎርመሮች ናቸው። ስለዚህ የሰርጉ ቀን የዕቅዱ መነሻ ሳይሆን ውጤቱ ነው። እነዚያ ሦስቱ ሲታወቁ ቀኑ ራሱ ይወጣል።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በ2009 እኔና ባለቤቴ ቀለበት ባሰርን በሳምንቱ አዳራሽ ያዝን፤ ለጁን 20። የጥሪ ካርዱን ቀለም ስንመርጥ፣ የሚዜዎቹን ከረባት ስናማርጥ ወራት አለፉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወደ ካህኑ ሄደን ቀኑን ብንነግራቸው ፈገግ ብለው «ልጆቼ፣ እሱ እኮ የሰኔ ጾም ነው» አሉን። የዚያ ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 19 ነበርና የሐዋርያት ጾም ጁን 8 ገብቶ ነበር የሚያገኘን። አዳራሹ ቀን ሊያዛውርልን ፈቀደ። ነገር ግን ከጾሙ ውጭ ባዶ የነበረው ቅዳሜ ሜይ 30 ብቻ ሆነ። ቀብዳችን እንዳይቀር ብለን ተቀበልነው።

እናቴ ደሴ ነበረች። የቪዛ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮዋ ለጁን 16 ነበር። ለመጀመሪያው ቀን ቢሆን ተሯሩጣ ልትደርስ ትችል ነበር፤ ለሁለተኛው ግን በምንም መንገድ አልደረሰችም። በማንም ላይ አላሳብብም። ማመልከቻዋን ያስገባሁት አዳራሹን ከያዝኩ ከወራት በኋላ ነበር። አዳራሹን በእናቴ ለወጥሁት ማለት ነው። ለሰርጉ ብላ ያሠራችውን ጥልፍ ቀሚስ ያን ቅዳሜ ለብሳ፣ ጎረቤቶቿን ጠርታ ቡና አፍልታ እንደዋለች፣ በየመሐሉም «አሁን እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» እያለች እንደጠየቀች እህቴ የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የሰርጉን ዲቪዲ ልኬላት አይታዋለች። ከእኔ ጋር ግን እስክታርፍ ድረስ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም።

መጀመሪያ ሽማግሌ

ከቀለበት በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ሳይሆን ለወላጅ መንገርና ሽማግሌ መላክ ነው። ቀለበቱ ከሽማግሌው መቅደሙ አሁን የተለመደ ቢሆንም፣ «ልጄ መታጨቷን የሰማሁት ከጎረቤት ነው» ያለ አባት የሚይዘው ቅሬታ በቀላሉ አይለቅም። ሽማግሌ መላክ ለባህሉ ወግ ብቻ ተብሎ የሚደረግ አይምሰላችሁ። ለዕቅዱም ጥቅም አለው፤ በዚያች ምንጣፍ ላይ የማይነሳ ጉዳይ የለምና። የሁለቱ ቤተሰብ ሃይማኖት፣ የትውልድ ቆጠራው፣ ወላጆቹ ተክሊል ይፈልጉ እንደሆነ፣ ድግሱ የት ይሁን፣ መልሱን ማን ይጥራ፣ ሁሉም የሚወጣው ያኔ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ከሚፈነዳ አሁን ቢወጣ ይሻላል።

የወንዱ ወገን ሽማግሌዎቹን ሲመርጥ የልጅቷ አባት የሚያውቁትና የሚያከብሩት ሰው ቢያንስ አንድ ይኑርበት፤ የነፍስ አባት፣ የእድር ዳኛ፣ የቀድሞ መምህር። ሙሽሮቹ ሁለቱም ባሕር ማዶ ቢሆኑ እንኳን ሽምግልናው ወላጆች ባሉበት አገር ሊካሄድ ይችላል፤ የልጁ አጎቶች ይሄዳሉ። በስልክ ብቻ የተደረገ ሽምግልናም አይቻለሁ፤ ከምንም ይሻላል። «አስበንበት እንጥራችሁ» ተብለው ሽማግሌዎቹ ቢመለሱ አትደንግጡ፤ ወጉ ነው። በዕቅዳችሁ ውስጥ ግን ጥቂት ሳምንታት ያዙለት።

ሰባት ቤት መቁጠርን ወጣቶቹ ይስቁበታል። ሕጉ የሚከለክለው ከዚያ በጣም የቀረበውን ዝምድና ቢሆንም፣ ሽማግሌ የሚጠይቀው ሰባት ቤት ነውና አያትና ቅድመ አያትን የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ጠይቃችሁ ጻፉት።

ያለ እነሱ ሰርግ የማይሆንላችሁ ሰዎች

የእንግዳ ዝርዝር አልልም፤ እሱ በኋላ ይደርሳል። አሁን የሚያስፈልገው አንዲት ትንሽ ወረቀት ናት። ሁለታችሁም ለየብቻ ተቀምጣችሁ «ይህ ሰው ከሌለ ቀኑን እለውጣለሁ» የምትሉትን ሰው ስም ብቻ ጻፉ። አብዛኛው ሰው ላይ ከአሥር አይበልጥም። ከዚያ በእያንዳንዱ ስም ፊት ሦስት ነገር አስፍሩ፦ የሚኖርበት አገር፣ ፓስፖርቱ የሚያበቃበት ቀን፣ ወደምታስቡት አገር ቪዛ ያስፈልገው እንደሆነ። ፓስፖርት የሌላት አክስት ካለች ሥራው ዛሬ ይጀመር።

ይህች ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ «የት እንጋባ?» የሚለውን ጥያቄ ራሷ ትመልሳለች። ከአሥሩ ስምንቱ አዲስ አበባ ከሆኑ፣ ስምንት አረጋውያንን በቪዛ ወረፋ ከማንከራተት እናንተ ብትሄዱ ይቀላል። ተቃራኒውም አለ። በገልፍ አገሮች የሚሠሩ ልጆች የዓመት ፈቃድ የሚያገኙት አሠሪው በወሰነላቸው ወር ስለሆነ፣ በእነሱ ላይ የሚጸናው ገደብ የወላጅ ቪዛ ሳይሆን የራሳቸው ፈቃድ ነው። ፈቃዱ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ ዘመድ አትጥሩ።

ሦስቱ ሰርጎች

ሰርግ የምንለው ነገር በእርግጥ ሦስት ነው፤ በሕግ የሚደረገው ፊርማ፣ በሃይማኖት የሚደረገው ሥርዓት፣ ለዘመድ የሚደረገው ድግስ። ወላጆቻችን ሦስቱንም በአንድ ከተማና በአንድ ሳምንት ስለጨረሷቸው እንደ አንድ እናያቸዋለን። በስደት ግን በሦስት አገርና በሁለት ዓመት ውስጥ ሊበተኑ ይችላሉ። ቅደም ተከተላቸው ደግሞ ዋጋ አለው።

ከሁሉም በላይ ይህ የሚያሳስበው እጮኛው ውጭ አገር የሆነውን ሰው ነው። የእህቴ ልጅ አሜሪካዊት ዜጋ ናት። የአሜሪካ ሕግ ለዜጋ እጮኛ የሚሰጠው ኬ-1 የሚባል ቪዛ አለ። ማመልከት የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለው አይችልም። ሁለቱ ሰዎች ከማመልከቻው በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል ተገናኝተው መሆን አለባቸው። እጮኛው አሜሪካ በገባ በ90 ቀን ውስጥ መጋባት ግዴታ ነው። ልብ በሉ፤ ቪዛው በየትኛው ወር እንደሚወጣ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። የቪዛ አሰጣጥ ደንብም በአንድ ማስታወቂያ ሊለወጥ ወይም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚመጣ እጮኛ ላለው ሰው አዳራሽን በቁርጥ ቀን መያዝ ቁማር ነው። መፍትሔው ማላቀቅ ነው፤ በ90 ቀኑ ውስጥ በጥቂት ሰው ፊት ፊርማውን መፈራረም፣ ድግሱን ሰውየው እግሩ አሜሪካን ከረገጠ በኋላ በእርጋታ መቁረጥ።

ሌላም ወጥመድ አለ። የእጮኛ ቪዛ ላላገባ ሰው ነው። በኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸመን ጋብቻ ብቻ ሳይሆን በሃይማኖትና በባህል ሥርዓት የተፈጸመውንም ጋብቻ ይለዋል። እንግዲህ «ቀለበት ብቻ ነው» ተብሎ አዲስ አበባ ላይ ነጭ ቬሎ ተለብሶ፣ ካህን ባርኮ፣ ሚዜ ቆሞ፣ ሦስት መቶ ሰው በልቶ ፎቶው ለኤምባሲ ቢቀርብ፣ «እናንተ ተጋብታችኋል፤ በእጮኛ ሳይሆን በትዳር ጓደኛ አመልክቱ» ቢባሉ አይገርምም። አንዱን መንገድ መርጦ መጽናት ነው። ወይ ቀለበቱን ትንሽ አድርጎ በእጮኛ ማመልከት፣ ወይ በደንብ ተጋብቶ በባልና ሚስት ማመልከት። መሐል ቤት መቆም አይበጅም። ጉዳዩ ውስብስብ ለሆነበት ሰው አንድ ሰዓት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ከኬኩ ዋጋ አይበልጥም።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት ይህ የፌዴራል ሕግ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ከሕጉ ውስጥ ከውጭ የሚመጣ ሰው ማወቅ ያለበትን ልጥቀስ። ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው። ሁለቱም በአካል ተገኝተው ፈቃዳቸውን መስጠት አለባቸው። «ውክልና ልኬ ወንድሜ ይፈርምልኝ» የሚለው የብዙዎች ሐሳብ በመርሕ ደረጃ አይሠራም። ከተጋቢዎቹ አንዱ፣ ወይም ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ፣ በቦታው ቢያንስ አንድ ወር የኖረ መሆን አለበት። ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ይቀርባል። ከዚህ በፊት አግብታ የፈታች ሴት በመርሕ 180 ቀን መቆየት ይጠበቅባታል፤ በሐኪም እርጉዝ አለመሆኗ ከተረጋገጠ ግን መጠበቅ አያስፈልጋትም። እንዲሁም ውጭ አገር በአገሩ ሕግ መሠረት የተፈጸመ ጋብቻ ለሕዝብ ሞራል ተቃራኒ እስካልሆነ ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ ይጸናል፤ ሁለት ጊዜ መፈረም አያስፈልግም።

ወረዳው ከውጭ ከመጣ ሰው ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል፤ የፈታ ከሆነም የፍቺውን ውሳኔ። እነዚህ በሚኖሩበት አገር ተረጋግጠው፣ በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማኅተም ተደርጎባቸው ነው ዋጋ የሚኖራቸው። የሦስት ሳምንት ዕረፍት ይዞ ሄዶ ይህን እዚያ እጨርሳለሁ የሚል ሰው ዕረፍቱን ወረፋ ላይ ይጨርሰዋል። አንድ ዘመድ ቀድሞ ወረዳው ድረስ ሄዶ የሚፈለገውን በዝርዝር ይጠይቅላችሁ፤ ከወረዳ ወረዳ አሠራሩ ሊለያይ ይችላልና።

ስለ ስም ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ ካየኋቸው መጓተቶች ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው። ፓስፖርቱ ላይ አያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጽፏል፤ የልደት ካርዱ ላይ የለም። በአንዱ ሰነድ ላይ «ፀሐይ» በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል፣ በሌላው በሌላ ዓይነት ተጽፏል። የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀት ላይ ደግሞ የክርስትና ስም ብቻ ይሰፍርና ለፈረንጅ መሥሪያ ቤት ሌላ ሰው ያገባ ይመስለዋል። የትውልድ ዘመንም ከዓ.ም. ሳይቀየር እንዳለ ተገልብጦ ሰውየውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ሁሉንም ሰነዶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ካህኑንም የክርስትና ስምና የመዝገብ ስም ጎን ለጎን እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ።

አሜሪካ ለሚፈራረሙ፣ የጋብቻ ፈቃድ ደንብ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን አካባቢ ብወስድ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ 48 ሰዓት መጠበቅ አለ፤ ለስድስት ወር ያገለግላል፤ የሚሠራውም በወጣበት ካውንቲ ውስጥ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ መጠበቅ የለም፤ ፈቃዱ ግን በ60 ቀን ያበቃል። ቨርጂኒያ ላይ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፤ የሚያጋባው ካህን በሰርኪት ፍርድ ቤት የተፈቀደለት መሆን አለበት። ከሌላ ስቴት ወይም ከአገር ቤት የሚመጡ አባት ቢባርኳችሁ በረከቱ አይቀርም፤ ወረቀቱን ግን የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። «አባታችን፣ የፍርድ ቤት ፈቃድ አለዎት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጀርመን የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ መዝገብ ቤቱ ለጋብቻ ብቁ መሆናችሁን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ አገሩ እንዲህ ያለ ወረቀት የማይሰጥ ሰው በከፍተኛው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነፃ እንዲደረግ ያመለክታል። ጊዜ ይፈጃል። ለዚህም ነው ብዙ ሰው ዴንማርክ ሄዶ የሚፈርመው። እዚያም ቢሆን ከ2019 ወዲህ ማመልከቻው በአንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ይመረመራል፤ የሚሰጠውም ማረጋገጫ የሚያገለግለው ለአራት ወር ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሙስሊም ላልሆኑ ነዋሪዎች የሲቪል ጋብቻ ተፈቅዷል፤ አቡ ዳቢ በ2021 ባወጣችው ሕግ ጀመረች፣ የፌዴራሉም ሕግ በ2023 ሥራ ላይ ዋለ።

ያ ቅዳሜ ለምን ባዶ ሆነ?

አሁን ወደ እህቴ ልጅ አዳራሽ ልመለስ። ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን በአጽዋማት ወራት ተክሊል አታደርስም። ከአጽዋማቱ ሁለቱ ቀናቸው አይነቃነቅም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 (ኖቬምበር 24) ገብቶ በገና ይፈታል፤ የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 (ኦገስት 7) ገብቶ ነሐሴ 16 ይፈታል። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ከፋሲካ ጋር ወደፊትና ወደኋላ ይላሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የሐዋርያት ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ ገብቶ ሐምሌ 5 (ጁላይ 12) ይፈታል፤ ስለዚህ የሚረዝመውም የሚያጥረውም እንደ ፋሲካው ነው።

በ2027 ፋሲካ ሜይ 2 (ሚያዝያ 24 ቀን 2019 ዓ.ም.) ይውላል። ዐቢይ ጾም ማርች 8 (የካቲት 29) ይገባል። ጰራቅሊጦስ ጁን 20 ነው፤ የሰኔ ጾም ጁን 21 ይገባል። ጁን 26 እንግዲህ የጾሙ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። አዳራሹ የረከሰው ለዚህ ነው፤ የሐበሻ ደንበኛ የለውማ! በዚያ ዓመት ክፍት የሚሆኑት ከገና እስከ ማርች መጀመሪያ፣ ከፋሲካ እስከ ጁን 20፣ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6፣ ከዚያም ከኦገስት 22 እስከ ኅዳር 14 ያሉት ናቸው። ለ2028 ለሚያቅዱ ደግሞ ፋሲካ ኤፕሪል 16 ነው፤ ዐቢይ ጾም ፌብሩዋሪ 21፣ የሰኔ ጾም ጁን 5 ይገባሉ። ያለፈውን ዓመት የዘመድ ሰርግ ቀን አይታችሁ «ያኔ ከተቻለ ዘንድሮም ይቻላል» አትበሉ።

የጽጌ ጾም የፈቃድ ስለሆነ ጥቅምት ላይ ማግባት ይቻላል። የሚጾሙ እናቶች ግን አይጠፉም፤ የጾም ወጥ ለብቻ ይዘጋጅላቸው።

ተክሊል ለሚፈልጉ ቀን ብቻ አይበቃም። ሁለቱም የተጠመቁና የነፍስ አባት ያላቸው፣ ንስሐ ገብተው ለመቁረብ የተዘጋጁ መሆን አለባቸው። ተክሊል የሚደረገው በድንግልና ለቆዩ ነው፤ ለሌሎች በቁርባን የሚፈጸም ሥርዓት አለ። የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ከዚያኛው አጥቢያ ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል፤ አንዱ አዲስ አበባ ሌላው ሲያትል ሲሆን ይህም ራሱ ወር ይበላል። ስለዚህ ካህኑን የምታነጋግሩት ከአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ በፊት ነው። (ሥርዓቱ በሌሊት ይጀምራል፤ የፎቶ ባለሙያው ፈረንጅ ከሆነ ከወዲሁ ይነገረው።)

ፕሮቴስታንት ወገኖቻችን የጾም ገደብ ባይኖርባቸውም፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ከጋብቻ በፊት የምክር ትምህርት ስለሚያስተምሩ እሱ የሚፈጀውን ጊዜ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ለሙስሊም ወገኖቻችን ኒካህ በማንኛውም ወር ይቻላል፤ ወሊዩ፣ ምስክሮቹና መህሩ ይወሰኑ እንጂ። ረመዳን ላይ ግን ቀን እንግዳ ማብላት የለም። በ2027 ረመዳን በፌብሩዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ግድም ይጀምራል፤ የጨረቃዋ ነገር እንደተጠበቀ ሆኖ። አዲስ አበባ ላይ የሚደግስ ክርስቲያንም ቢሆን ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ ሙስሊም ጓደኞቹን ይዘንጋ አልልም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልናገርም፤ ሁሉም ቤቱን ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ፤ ማን ምን እንደሚከፍል ሁለቱ ተጋቢዎች ብቻቸውን ተቀምጠው በቁጥር ይነጋገሩ፤ ከዚያ ነው ለወላጅ የሚነገረው። አገር ቤት ለሚደግስ ደግሞ፣ ብር ከጁላይ 2024 ወዲህ በገበያ እየተተመነ ስለሆነ ዘመዳችሁ ባለፈው ዓመት የከፈለውን ይዛችሁ አታቅዱ። አዳራሹ ምን ያህል ሰው መያዝ እንዳለበት የሚታወቀውም ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቀብድ ስትከፍሉ ቀን ለማዛወር የሚፈቅድ ቃል በውሉ ውስጥ ይኑር፤ በቃል የተነገረ አይበቃም።

የእህቴ ልጅ ወረቀቷን ጻፈች። የእሷ ስድስት፣ የእሱ አምስት ስም። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ አዲስ አበባ ናቸው፤ የእሱ አያት ደግሞ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ተጋብተው በባልና ሚስት ሊያመለክቱ፣ የቨርጂኒያውን ድግስ እሱ ሲገባ ሊያደርጉት አስበዋል። ቀኑን ግን ገና አልቆረጡም። ሽማግሌዎቹ ለመጪው እሑድ እህቴ ቤት ቀጠሮ ይዘዋል፤ የእህቴ ባል ግን «አንድ ጊዜ ሳልመልሳቸው ልጄን አልሰጥም» ብሏልና፣ በመርሐ ግብሩ ላይ ሁለት ሳምንት ጨምሬያለሁ።